ያስፈራችሁትን ሕዝብ መልሳችሁ አረጋጉት

ለተከበራችሁ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ጣቢያዎች የዜናና የፕሮግራም ኃላፊዎች፣
እንዲሁም ብዙ ተከታይ ላላችሁ የዩቲዩብ፣ የቴሌግራምና የቲክቶክ ገጽ ባለቤቶች፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሥነ ፈለክ ክበብ ያቋቋምን መምህራንና ተማሪዎች ነን። የሚከፍለን የለም። በልገሳ ያገኘናት አንዲት ትንሽ ቴሌስኮፕ አለችን። ሰማዩ ጥርት ባለ ምሽት ግቢ ውስጥ እናወጣትና ለተማሪውም ለሰፈሩም ሰው የሳተርንን ቀለበት እናሳያለን። አንድ ጣቢያ ላይ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የግማሽ ሰዓት ፕሮግራም ነበረን። ባለፈው ክረምት ስልክ ተደውሎ «ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ እንዳትመጡ» ተባልን። ለመጻፍ ያነሳሳን ይህ ውሳኔ ነው። ቅሬታችን ግን ከአንድ ፕሮግራም መታጠፍ ይሰፋል፤ የጣቢያውንም ስም የማንጠራው ለዚህ ነው፣ ነገሩ የሁላችሁም ስለሆነ።

በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከሆነው እንጀምር።

ታኅሣሥ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. ቺሊ ውስጥ ያለው፣ ወደ ምድር የሚቀርቡ አካላትን የሚቃኘው የአትላስ ቴሌስኮፕ አንድ አዲስ አስትሮይድ (ፀሐይን የሚዞር የሰማይ ድንጋይ) አየ። 2024 ዋይ አር 4 የሚል ስም ተሰጠው። ሲገኝ በምድር አጠገብ ካለፈ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር፣ እየራቀ ሳለ ነው የታየው። መንገዱ ሲሰላ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 22, 2032 ምድርን የመምታት ትንሽ ዕድል አለው ተባለ። መጀመሪያ ላይ 1 በመቶ ገደማ ነበር። የካቲት 11 ቀን 3.1 በመቶ ደረሰ፤ ይህን ያህል መጠን ላለው አስትሮይድ ናሳ እስከዚያ ከመዘገበው ሁሉ ከፍተኛው ነው። ቢመጣ ሊወድቅባቸው ይችላል ከተባሉት አገሮች መካከል በዓለም ሚዲያ የኢትዮጵያም ስም ተጠርቷል። እስከዚህ ድረስ ዜና ነው፣ መዘገባችሁም ትክክል ነው።

ከዚያስ? በማግስቱ 1.5 በመቶ ሆነ። በሦስተኛው ቀን 0.28። የካቲት 17 ቀን ከ0.005 በመቶ በታች ወርዶ የ2032ቱ ስጋት ተዘጋ። አንድ ሳምንት እንኳ በቅጡ አልሞላውም።

ሲወጣ በየቀኑ ነገራችሁን። ሲወርድ ዝም አላችሁ። እኛ በምንከታተላቸው ጣቢያዎችና ገጾች «ስጋቱ ቀርቷል» የሚል ዜና አንድ ቦታ ብቻ ነው ያየነው፤ እሱም ማታ፣ ከስፖርት በኋላ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር። መስቀል አደባባይ ላይ እሳት የሚተፋ ድንጋይ ሲወርድ የሚያሳየው፣ በኤአይ የተሠራው ምስል ግን ይኸው እስከ ዛሬ ከገጹ አልወረደም፣ አሁንም ሼር ይደረጋል።

ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀን አንድ ነገር አለ። «መጀመሪያ 1 አሉ፣ ከዚያ 3 አሉ፣ ከዚያ ዜሮ አሉ፤ እየዋሹን ነው ወይ?» ማንም አልዋሸም። በግ ጠፋችብህ እንበል። ከአሥር መንደር በአንዱ ውስጥ እንዳለች ብቻ ነው የምታውቀው። እኛ መንደር የመገኘቷ ዕድል ከአሥር አንድ ነው። አምስቱን መንደር ፈትሸህ አጣሃት፣ የእኛ ግን ገና አልታየም፤ አሁን ዕድሉ ከአምስት አንድ ሆነ። ሁለት መንደር ጨመርክ፣ ከሦስት አንድ ሆነ። በጓ ወደ እኛ አንድ እርምጃ አልቀረበችም፣ መፈለጊያው ነው የጠበበው። በመጨረሻ ዱካዋ ወንዝ ማዶ ተገኘ፤ የእኛ መንደር ዕድል በአንዴ ዜሮ ገባ። አስትሮይዱም ላይ የሆነው ይኸው ነው። ቴሌስኮፖች በተመለከቱት ቁጥር አስትሮይዱ ሊያልፍ የሚችልበት ቦታ ይጠባል፤ ምድር ከዚያ ቦታ እስካልወጣች ድረስ ድርሻዋ ይጨምራል፣ የወጣች ዕለት ይጠፋል። ከዚህ በፊትም ሆኖ ያውቃል። አፖፊስ የሚባለው አስትሮይድ እ.ኤ.አ. በ2004 መጨረሻ 2.7 በመቶ ደርሶ ነበር፣ እሱም ወርዶ ዜሮ ገባ። ይህን በሁለት ደቂቃ ማስረዳት ይቻላል። ፕሮግራማችን ላይ ሞክረነው ስልክ የደወሉልን አንድ አባት «እንዲህ ብላችሁ ብትነግሩን ኖሮ ሌሊቱን እንተኛ ነበር» አሉን።

ሁለተኛው ቅሬታችን የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፣ ለእኛ ግን ከሁሉም የከፋው እሱ ነው።

በዚያው ሰሞን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ የሆነች ልጅ ከክፍል በኋላ ቀረችና ለእኔ፣ ለክበቡ አስተባባሪ፣ ደብተሯን አሳየችኝ። በህዳጉ ላይ በእርሳስ 2032 ሲቀነስ 2017 ብላ 15 አግኝታለች። «ቲቸር፣ ያኔ ሠላሳ ዓመቴ ነው አይደል?» አለችኝ። የሰማችው ዜና «በ2032» ብቻ ነው ያለው፣ እ.ኤ.አ. የሚል የለበትም። በእኛ አቆጣጠር ቀኑ ታኅሣሥ 13 ቀን 2025 ዓ.ም. ነው። የቀረው ጊዜ ስምንት ዓመት እንኳ አይሞላም ነበር። ልጅቷ አስልታለች፣ ስሌቷም ልክ ነው፤ የተሰጣት ቁጥር ነው ጎዶሎ የነበረው።

የባሰው ደግሞ በተቃራኒው የመጣው ነው። አንድ የቴሌግራም ገጽ ቀኑን በትክክል ወደ እኛ አቆጣጠር ቀይሮ «ታኅሣሥ 13 ቀን 2025» ብሎ ጻፈ፣ ግን ዓ.ም. የምትለዋን ዘለላት። ያኔ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ዓመቱ ራሱ 2025 ነበር። የአንድ ተማሪያችን አክስት ጅዳ ናት፣ ሰው ቤት ትሠራለች። ስልኳ ላይ ያለው ዓመት 2025 ነው። ጽሑፉን ስታነብ አሥር ወር ቀረው ብላ ነው የተረዳችው። ልጁ ስልኩን ይዞ መምህራን ማረፊያ ድረስ መጣና በኢሞ የላከችውን ድምፅ አሰማኝ። እያለቀሰች ነው። «ኮንትራቴ ሊያልቅ ብዙ ይቀረዋል፤ ትቼው ልምጣ ወይ? ልጆቼን ሳላያቸው እንዳልቀር» ትላለች። እዚያው ቁጭ ብዬ በድምፅ መለስኩላት፤ ዓመቱን፣ ቁጥሩን፣ የበጓን ምሳሌ ሁሉ ነገርኳት። ደግነቱ አልመጣችም። ግን ኮንትራት አቋርጦ መምጣት ምን እንደሚያስከፍል አረብ አገር ዘመድ ያለው ሁሉ ያውቃል። አንድ ሰው ዓ.ም. ብሎ ሁለት ፊደል ስላልጻፈ አንዲት ሴት የዓመታት ልፋቷን ልትጥል ነበር።

እኛ ባሕረ ሐሳብን የሠራ፣ መጥቅዕና አበቅቴ እያሰላ በዓላቱን ያወጣ አገር ልጆች ነን። ቀን ቆጥሮ መናገር ሊያቅተን አይገባም።

ስለዚህ ሁለት ገጽ የእርማት ጥያቄ ጽፈን ለአንዱ ጣቢያ ይዘን ሄድን። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ በትህትና ተቀብላ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አድርጋ ሰጠችን። ቅጂው ክበባችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እስከ ዛሬ መልስ የለም። ሁለቴ ሄደን ጠይቀናል፤ «ለሚመለከተው ተመርቷል» ነው የሚሉን።

ሦስተኛው «ሕይወት ተገኘ» የተባለው ነው። በ2017 ዓ.ም. በሰሙነ ሕማማት፣ የኬምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 124 የብርሃን ዓመት (ብርሃን በ124 ዓመት የሚጓዘውን ያህል) ርቃ በምትገኘው ኬ2-18ቢ በምትባል ፕላኔት ከባቢ አየር ውስጥ የአንድ ጋዝ ፍንጭ በጄምስ ዌብ የጠፈር ቴሌስኮፕ አየን አሉ። ጋዙ ዳይመቲል ሰልፋይድ ይባላል፤ በምድር ላይ በብዛት የሚያመነጩት ባሕር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ፍጥረታት ናቸው። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ሕይወት አገኘን አላሉም። ውጤቱ በአጋጣሚ የመጣ የመሆን ዕድሉ 0.3 በመቶ ነው፣ ተረጋገጠ ለማለት ደግሞ ከዚህ እጅግ የጠበቀ ማረጋገጫ ያስፈልጋል ብለው ጽፈዋል። በኋላም ሌሎች ቡድኖች ያንኑ መረጃ በራሳቸው መንገድ ሲመረምሩት አሳማኝ ማስረጃ አላገኙበትም። ጋዙም ቢሆን ሕይወት በሌለበት ሊፈጠር ይችላል፤ 67ፒ የምትባለው ጅራታም ኮከብ ላይ ተገኝቷል።

እናንተ ምን አላችሁ? «ሳይንቲስቶች ከምድር ውጭ ሕይወት አገኙ።» በዚያ ሳምንት፣ ሰው ጾምና ስግደት ላይ ሳለ። ተማሪዎቻችን ቤታቸው ውስጥ ጠብ ገጠማቸው። አንዱ ልጅ ክበቡን እንዲተው አባቱ አዘዙት፤ ሳይንስ እምነቱን ሊነጥቀው የመጣ መሰላቸው። እኛ አባትየውን ጠርተን፣ ሻይ ይዘን፣ አንድ ሰዓት ተነጋገርን። ጥናቱ በእውነት ምን እንዳለ ስንነግራቸው «ታዲያ ይሄ ምን ክፋት አለው?» አሉ። ምንም ክፋት የለውም። ልጁ ተመልሷል። ጸቡን ያመጣው አርዕስቱ ነበር።

ከሌላ ኮከብ ሠፈር ስለመጣው ጅራታም ኮከብም በአጭሩ እንበል። 3አይ አትላስ ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ቺሊ ላይ ባለው በዚያው የአትላስ ቴሌስኮፕ ተገኘ። ከሌላ ኮከብ ሠፈር ወደ እኛ ፀሐይ ሠፈር ሲገባ የታየ ሦስተኛው ነገር ነው፣ ከኦሙአሙአና ከቦሪሶቭ ቀጥሎ። ወደ ምድር በጣም የቀረበው ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲሆን ያኔም ርቀቱ 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ከእኛ እስከ ፀሐይ ያለው እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው! «ኤሊያን ወደ ምድር እየመጣ ነው፣ ናሳ ደበቀ» የሚል ታምኔል ግን መዓት ነበር። ናሳ ከማርስ አጠገብ የተነሱትን ፎቶዎች ያዘገየው የአሜሪካ መንግሥት መሥሪያ ቤቶች በበጀት ምክንያት ከአንድ ወር በላይ ተዘግተው ስለነበር ነው። እንደተከፈቱ፣ ኅዳር 10 ቀን ፎቶዎቹን ለሁሉም አወጣ፤ ጅራታም ኮከብ ነውም አለ። ይህን ለማጣራት አንድ ስልክ ይበቃ ነበር። እንጦጦ ላይ ሁለት ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፕ ያለው የምርምር ማዕከል አለን፣ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ውስጥ አስትሮፊዚክስ የተማሩ ሰዎች አሉን። ደውሎ የጠየቀ ጋዜጠኛ መኖሩን አላየንም።

ደስ የሚለውንስ ለምን አትነግሩንም? እ.ኤ.አ. በ2019 ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ለየአገሩ አንዳንድ ኮከብና ፕላኔት እንዲሰይም ሰጥቶ ነበር። ለእኛ የደረሰን ኮከብ ዛሬ በይፋ ስሙ ቡና ነው። በዙሪያው የሚዞረው፣ ከጁፒተር ከ4 እጥፍ በላይ የሚከብደው ፕላኔት ደግሞ አቦል ይባላል። ቡና የሚገኘው አንድሮሜዳ በሚባለው የከዋክብት ስብስብ ውስጥ ነው፤ አንድሮሜዳ በጥንት ግሪኮች ተረት የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት። በጨለማ ቦታ፣ በደህና ባይኖኩላር ቡናን ማየት ይቻላል። ይህን ስናገር አንድ ክፍል ሙሉ ልጅ ከወንበሩ ተነስቶ በመስኮት ሰማይ ሲያይ አይቻለሁ፤ ቀን ነበር፣ ምንም አይታይም፣ ግን ተነሱ። እናንተ ዘንድ ግን ስለ አቦል በዓመት አንዴ እንኳ ስትናገሩ አንሰማም።

ስለ ፕሮግራማችን መታጠፍም እናንሳ። የተነገረን ምክንያት «ስፖንሰር የለውም» የሚል ነው። የሚያስፈልገን አንድ ማይክራፎን ብቻ ነበር፣ እኛ ክፍያ ጠይቀን አናውቅም። ሰዓቱ አሁን ለኮከብ ቆጠራ ተሰጥቷል። እኛንም በአየር ላይ ስታስተዋውቁን ሁለት ጊዜ «ኮከብ ቆጣሪዎቹ» ብላችሁናል። ሥነ ፈለክና ኮከብ ቆጠራ የተለያዩ ናቸው። አንዱ የሰማይ አካላትን ይለካል፣ ሲሳሳት ይታረማል። ሌላው የሰውን ዕጣ ፈንታ እነግራለሁ ይላል። የሚያዳምጣችሁ ሰው ልዩነቱን ከእናንተ ካልሰማ ከማን ይስማ?

አትዘግቡ አላልንም። አደጋው የእውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ሩሲያ ቼልያቢንስክ ላይ 20 ሜትር ገደማ የሆነ ድንጋይ ሰማይ ላይ ፈንድቶ ከ1,000 በላይ ሰው ተጎድቷል፤ አብዛኛው የተጎዳው ብርሃኑን አይቶ ወደ መስኮት ሲሄድ በረገፈ መስታወት ነው። መከላከያውም የእውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 ናሳ ዳርት የተባለችውን መንኮራኩር ዲሞርፎስ ከሚባል ትንሽ አስትሮይድ ጋር ሆን ብሎ አጋጭቶ በአንድ ትልቅ አስትሮይድ ዙሪያ የሚዞርበትን ጊዜ በ32 ደቂቃ ገደማ አሳጥሯል። ሁለቱንም አብራችሁ ንገሩን። በደንብ መሥራትም ትችላላችሁ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ላሊበላ ላይ ፀሐይ በግርዶሽ ቀለበት ስትሆን ቀድማችሁ ቀኑን ተናገራችሁ፣ በባዶ ዓይን አትዩ አላችሁ፣ ባለሙያ አቀረባችሁ፤ ሰዉም በሰላም አየ።

አሁን የምንቸኩለው ከፊታችን ባለው ምክንያት ነው። ቺሊ ላይ አዲሱ የቬራ ሩቢን ቴሌስኮፕ በ2017 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የመጀመሪያ ምስሎቹን ሲያወጣ፣ በ10 ሰዓት ያህል ምልከታ ብቻ ከ2,000 በላይ አዳዲስ አስትሮይዶች ይዞ መጣ። ብዙ ሲታይ «ትንሽ ዕድል አለው» የሚባለውም ይበዛል፣ ከዚያም አንድ በአንድ ዜሮ እየገባ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ የምትዘግቡ ከሆነ ሕዝቡ በየወሩ ሊደነግጥ ነው።

ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ደግሞ ትልቅ የፀሐይ ግርዶሽ አለ። ሙሉው ግርዶሽ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በየመንና በሶማሊያ ያልፋል፤ ጅዳና መካ መስመሩ ውስጥ ናቸው፣ እኛ ጋ በከፊል ይታያል። አፖፊስም ይመጣል። ሚያዝያ 5 ቀን 2021 ዓ.ም.፣ በፋሲካው ሳምንት ዓርብ፣ ለቅዳሜ አጥቢያ ሌሊት ከምድር ገጽ 32,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያልፋል። አይመታንም፤ ናሳ ቢያንስ ለ100 ዓመት ስጋት እንደሌለ አረጋግጧል። ከአፍሪካ በባዶ ዓይን የሚታይ ይሆናል። ሰዉ በግ አርዶ፣ ዘመድ ጠርቶ የተቀመጠበት ሳምንት ነው። በዚያ ሌሊት ልጆች ግቢ ወጥተው እንዲያዩት ነው የምንፈልገው፣ አልጋ ሥር እንዲገቡ አይደለም።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ፦

ስለ አስትሮይድ የመምታት ዕድል ስትዘግቡ የሚስተውንም ቁጥር አብራችሁ ተናገሩ። 3.1 በመቶ ይመታል ካላችሁ 96.9 በመቶ ይስታል በሉ። ስጋቱ ሲነሳ ደግሞ ያስፈራችሁበት ሰዓትና ያስፈራችሁበት ቦታ ላይ መልሳችሁ ንገሩን፤ የዜና መጀመሪያ ላይ ከነበረ መጀመሪያ ላይ።

ማንኛውንም ዓመት ያለ ዓ.ም. ወይም ያለ እ.ኤ.አ. አታውጡ። ሁለቱንም ብትጽፉ ይመረጣል።

የድሮዎቹን የኤአይ ምስሎችና «ናሳ ደበቀ» የሚሉትን ቪዲዮዎች አውርዱ፣ ወይም ላያቸው ላይ እርማት ጻፉባቸው።

አንድ የሳይንስ ዜና አየር ላይ ከመዋሉ በፊት ለአንድ ባለሙያ ደውሉ። ቁጥር ከፈለጋችሁ እኛ እናገናኛችኋለን።

ማኅተም ለተደረገበት ደብዳቤያችን፣ እምቢም ቢሆን፣ በጽሑፍ መልስ ስጡን።

ግማሽ ሰዓቱን ለእኛ መመለስ ካልቻላችሁ ለሌላ የሳይንስ ፕሮግራም ስጡት። ጣቢያ የሚቀበለን ካለ ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ዝግጁ ነን፤ የመጀመሪያው ፕሮግራማችን ስለ ግርዶሹ ነው፣ ጽሑፉ አልቋል።

ከአክብሮት ጋር፣

የፊዚክስ መምህርና የሥነ ፈለክ ክበብ አስተባባሪ
በክበቡ በጎ ፈቃደኛ መምህራንና ተማሪዎች ስም
አዲስ አበባ